ፕሮፔለሩ የቆመ አውሮፕላን፦ ከአየር ላይ ሌላ አውሮፕላን ስታነሱ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ውስጥ ሰርግና ምርቃት ሲያነሳ የኖረ ፎቶግራፈር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ከጎኑ የሚበር ሌላ አውሮፕላን አንሳ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ ላይ ይሰቅለዋል። አውሮፕላን ፈጣን ነዋ! ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ምልክት፦ ፎቶው ጥርት ብሏል፣ ፕሮፔለሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል

ሞተሩ አየር ላይ የጠፋ ይመስላል። አብራሪው ራሱ ፎቶውን ሲያይ ደስ አይለውም።

ምክንያቱ ሹተሩ ከሚገባው በላይ መፍጠኑ ነው። ሁለት ባጃጆች ጎን ለጎን በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ ሹፌሮቹ ተረጋግተው ያወራሉ አይደል? አውሮፕላኖቹም እንደዚያ ናቸው። አንዱ ለሌላው የቆመ ያህል ነው። በደንብ የሚንቀሳቀሰው ፕሮፔለሩ ነው፤ እሱን ደግሞ እናንተ አስቆማችሁት።

መፍትሄው ቀላል ሒሳብ ነው። ፕሮፔለሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አብራሪውን ጠይቁ። በ60 አካፍሉ፣ በብሌዶቹ (በፕሮፔለሩ ክንፎች) ቁጥር አባዙ። ባለ ሁለት ብሌድ ሴስና (ትንሽ አውሮፕላን) በደቂቃ 2400 ጊዜ ሲዞር 80 ይመጣል። ስለዚህ በ1/80 ስታነሱ ፕሮፔለሩ ሙሉ ክብ ሆኖ ይወጣል። የመንገደኞች አውሮፕላኑን ዳሽ 8-400ን ብትወስዱ ስድስት ብሌድ አለው፤ ከፍታውን ይዞ ሲበር ግን በደቂቃ 850 ገደማ ብቻ ነው የሚዞረው። ሒሳቡ 85 ይሰጣችኋል። ትልቁም ትንሹም አንድ ቦታ መገናኘታቸው እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ሙሉ ክብ የግድ አይደለም። ሴስናውን በ1/160 ብታነሱት ግማሹ ክብ ይሞላል፤ ያ ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ምልክት፦ ፕሮፔለሩ ዞረ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ብዥ አለ

የሚጠበቅ ነው። የራሳችሁ አውሮፕላን ይንቀጠቀጣል። ክንዳችሁን በሩ ላይ ወይም የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ካስደገፋችሁ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይሄዳል። ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ ለጠፍ አድርጉ፤ ከአውሮፕላኑ ጋር የሚነካካው መቀመጫችሁ ብቻ ይሁን። ሌንሱን ከመስኮት ውጭ አታውጡ፣ ነፋሱ ይመታዋል። ከ70-200 ሌንስ በጣም የሚያቀርበውን 200ውን እርሱት፤ ወደ 70 ቅረቡ።

ደግሞ በ1/80 አትጀምሩ። መጀመሪያ በ1/320 ለደንበኛው የሚሰጥ ፎቶ ያዙ። ከዚያ 1/200፣ 1/125 እያላችሁ ውረዱ። በተከታታይ አንሱ። ታች ስትደርሱ አብዛኛው ይጣላል፤ አይቆጫችሁ።

ምልክት፦ ነጩ አውሮፕላን ነጭ ወረቀት ሆነ

የጅማ ዙሪያ አረንጓዴ ነው። የቡና ጫካው ከላይ ሲታይ ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረውም። ካሜራው ያንን ጥቁረት አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩ ክንፍ ይቃጠላል። ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በግማሽ፣ ቀንሱ። ጀርባው ነጭ ደመና ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ አውሮፕላኑ ይጠቁራል፣ ያኔ ጨምሩ።

በጠራራ ፀሐይ ሌላም ጣጣ አለ። በ1/80 እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ስትሆኑ ኤፍ 16 (በጣም የጠበበ የሌንስ ቀዳዳ) አካባቢ ትገባላችሁ። እዚያ ላይ ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይቆጠራል። ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ግጠሙ። ሦስት ስቶፕ የሚቀንሰው ወደ ኤፍ 5.6 ይመልሳችኋል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ጅማ ጠዋት ጉም ትይዛለች፣ ዝናቧም ረጅም ነው። ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ ያለው ጥራት ግን በየትኛውም ፊልተር አይገኝም።

ምልክት፦ ፕሮፔለሩ እንደ ሙዝ ተጣመመ

በስልክ ወይም በድምፅ አልባው ሹተር ስታነሱ የሚመጣ ነው። ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ያነባል፤ እስኪጨርስ ብሌዱ ቦታ ቀይሯል። ካሜራውን ወደ ሜካኒካል ሹተር መልሱ። ስልክ ከሆነ ፕሮፔለሩን ተዉት፣ ክንፉን አንሱ።

ምልክት፦ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም

የመስኮቱ ፕላስቲክና ፖላራይዘራችሁ (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊልተር) ተጣልተው ነው። ፖላራይዘሩን አውልቁ። መስኮቱ የሚከፈት ከሆነና አብራሪው ከፈቀደ ደግሞ ክፈቱት፤ ነጸብራቁም አብሮ ይጠፋል።

ምልክት፦ የሚነሳው አውሮፕላን ቦታው ላይ አይገኝም

አንዴ ከክንፉ ድጋፍ ብረት ጀርባ ይገባል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል። ይሄ የካሜራ ችግር አይደለም፤ መሬት ላይ በደንብ አልተወራም ማለት ነው። የተለመደው አሠራር፣ ፎቶግራፈሩ ያለበት አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ይመራል፣ የሚነሳው እሱን እያየ ቦታውን ይይዛል። ሁለቱም አብራሪዎች አጅቦ የመብረር ሥልጠና ያላቸው መሆን አለባቸው። ርቀቱ፣ የሬዲዮ ቃሉና "ተለያዩ" የሚባልበት ምልክት ከመነሳታችሁ በፊት ይቆረጥ። አየር ላይ "ትንሽ ቅረብ" ማለት የእናንተ ሥራ አይደለም።

ወደ ኋላ መቅረቱ ሌላም ምክንያት አለው። የጅማ ኤርፖርት ራሱ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ስትወጡ ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የራቀ አውሮፕላን ቶሎ አይደርስም። መሪው ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሶ ሰፊ ዙር ይዙር። በዙሩ ላይ ብርሃኑም አቅጣጫ ይቀይርላችኋል፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ የምትሆንበትን ጎን ጠብቁ።