“ረን” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሞቹና ከነተመሳሳዮቹ እንዴት እናጥና?

አንድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። እንደ “ረን” ያለውን አጭር ቃል ግን የምናውቀው ስለሚመስለን እናልፈዋለን፤ ልጅ ሳለን “ረን ማለት ሮጠ” ተብለን ተምረናል፣ አለቀ። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ አገር ልጁን ሐኪም ቤት የወሰደ ወላጅ፣ ነርሷ “ኢዝ ሂዝ ኖዝ ረኒንግ?” ብላ ስትጠይቀው ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው። የጠየቀችው ልጁ ንፍጡ ይወርድ እንደሆነ ነው።

የኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ቃል በግስነቱ ብቻ ከ600 በላይ ትርጉም ቆጥረውለታል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ። ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልጉት በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። እንዲህ አድርገው ይጀምሩ።

1. መጀመሪያ የራስዎን ቋንቋ ይመልከቱ

“ያዘ” የሚለውን ግስ ያስቡ። ጉንፋን ያዘኝ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ቀጠሮ ያዝን፣ ሌባው ተያዘ፣ ቦታ ያዝልኝ። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ሳያስብበት ይረዳል፤ ትርጉሙን የሚወስነው አጠገቡ ያለው ቃል ነውና። “ረን”ም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለብቻው አይሸምድዱት፤ ከጎረቤቱ ጋር ይያዙት።

2. “ረን” የሚያደርገው ማን ወይም ምን እንደሆነ ይጠይቁ

በደብተርዎ በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ እርስዎ በአማርኛ የሚሉትን። ቃል በቃል አይመልሱ።

አይ ረን ኤቭሪ ሞርኒንግ — ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ።
ዘ ባስ ረንስ ኤቭሪ ቴን ሚኒትስ — አውቶቡሱ በየ10 ደቂቃው ይመጣል።
ዘ ኢንጂን ኢዝ ረኒንግ — ሞተሩ አልጠፋም፣ እየሠራ ነው።
ዘ ሮድ ረንስ አሎንግ ዘ ሪቨር — መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል።
ዘ ከለር ራን — ቀለሙ ለቀቀ (ልብስ ሲታጠብ)።
ሺ ረንስ ኤ ሬስቶራንት — ምግብ ቤት ታስተዳድራለች።
ሺ ኢዝ ረኒንግ ፎር ሜየር — ለከንቲባነት ትወዳደራለች።

መጨረሻው የአሜሪካኖች አነጋገር ነው፤ እንግሊዞች ለምርጫ ለሚወዳደር ሰው ብዙውን ጊዜ “ስታንድ” ይላሉ። ዝርዝሩን ልብ ብለው ካዩት አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ ሁሉም ውስጥ ሳይቆም የሚሄድ፣ የሚፈስ ወይም የሚሠራ ነገር አለ። ምግብ ቤቷን የምታስተዳድረው ሴትም ሥራው እንዳይቆም የምታደርገው እሷ ናት። ይህን ሐሳብ የያዘ ሰው አዲስ ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ በግምት ይደርስበታል።

3. ከኋላ የሚከተሉትን ትንንሽ ቃላት አይናቁ

እኔ ሰፋ ያለ ጊዜ እንዲሰጡ የምመክረው እዚህ ላይ ነው። “አውት”፣ “ኢንቱ”፣ “ኦቨር” ሲከተሉት ቃሉ ሌላ ይሆናል። “አይ ራን ኢንቱ ማይ ቲቸር” ማለት አስተማሪዬን መንገድ ላይ ድንገት አገኘሁ ማለት ነው። በ“ኦቨር” ከሆነ ግን መኪና ገጨው ማለት ይሆናልና መቀላቀል አያስፈልግም።

“ረን አውት ኦፍ” የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ስኳር ሲያልቅብን በአማርኛ “ስኳር አለቀብን” እንላለን፤ ያለቀው ስኳሩ ነው፣ እኛ ደግሞ “-ብን” ላይ ተንጠልጥለናል። እንግሊዝኛው ሰውን ያስቀድማል፦ “ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር”። “እየረፈደብኝ ነው”ም እንዲሁ “አይም ረኒንግ ሌት” ይሆናል። “-ብኝ” ወይም “-ብን” ብለው ሊናገሩ ሲሉ ቆም ይበሉና በእንግሊዝኛው “አይ” ወይም “ዊ” ብለው ይጀምሩ እንደሆነ ያስቡ። መድኃኒትዎ ሲያልቅ ለፋርማሲው በትክክል መንገር የሚችሉት በዚህ ነው፤ “አይ ራን አውት ኦፍ ማይ ሜዲስን”።

4. ተመሳሳዮቹን በመተካት ይፈትኑ

የተመሳሳይ ቃላት መጻሕፍት ከለንደኑ ሐኪም ከፒተር ማርክ ሮጄ እ.ኤ.አ. የ1852 ሥራ ወዲህ በሰፊው ይታወቃሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ዝርዝሩን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። አንድ ተመሳሳይ ቃል የሚተካው አንዱን ትርጉም ብቻ ነው። ለምግብ ቤቷ “ማኔጅ” ይሆናል፣ ለወንዝ “ፍሎው” ይሆናል፣ ለማሽን “ኦፕሬት” ይሆናል፤ ይኸኛው ግን ከወሬ ይልቅ ለጽሑፍ የሚስማማ ነው። ለሰው ሩጫ ደግሞ “ጆግ” የእኛ ሶምሶማ ነው፣ “ስፕሪንት” ያለ የሌለ ጉልበትን ተጠቅሞ በአጭር ርቀት መፈትለክ ነው። “ማኔጅ”ን አውቶቡሱ ላይ ቢያደርጉት ግን ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ቃሉን ቀይረው ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ያንብቡ፤ ትርጉሙ ከተለወጠ ተመሳሳይ አይደለም።

5. ቅርጹንና ስሙን ያጥኑ

የአሁኑ “ረን”፣ ያለፈው “ራን”፣ ከ“ሃቭ” ጋር ሲመጣ ተመልሶ “ረን” ነው። ፊደላችን በ“ረ” እና በ“ራ” ስለሚለያቸው በደብተርዎ በግዕዝ ፊደል ቢጽፏቸው አይምታቱብዎትም። ቃሉ ስምም ይሆናል፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ “ረን” አለ። “ኢን ዘ ሎንግ ረን” ደግሞ “ውሎ አድሮ” ማለት ነው።

6. ምሳሌ ያለበት መዝገበ ቃላት ይጠቀሙ

ትርጉም ብቻ የሚደረድር መጽሐፍ ለዚህ ሥራ አይረዳም። ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አድርጎ፣ አማርኛውን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሰጣል። ካገኙት እሱን ይግለጡ። ካላገኙ ለተማሪ የተዘጋጀ ማንኛውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ምሳሌ አለው። በቀን ሁለት ዐረፍተ ነገር ይምረጡ፣ ስሙን ወደ ራስዎ ሰፈር፣ መሥሪያ ቤትና ቤተሰብ ይለውጡት፣ ጮክ ብለው ይናገሩት። ገጹ ሲሞላ በሌላ ገጽ ላይ “ጌት”ን፣ ከዚያም “ቴክ”ን ይጀምሩ።