ወንድ አጋዘን ከሚተኛበት አጠገብ በቀስት ሲያድኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንድ አጋዘን ጫካ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ምልክት ሁሉ እዚህ እንደነበር ይመሰክራል፤ በስንት ሰዓት እንደነበር ግን አይናገርም። ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ይህን ቸል ቢል ከሩቅ ተኩሶ ሊያካክሰው ይችላል። ቀስት የያዘ ሰው ግን እንስሳው እስከ ሃያ ሜትር ድረስ፣ ያውም ሳይጨልም፣ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ቀኑን የት ተኝቶ ይውላል የሚለው ነው። ምሳሌ የማደርገው የቨርጂኒያን ተራሮች ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከፎልስ ቸርች በመኪና ሁለት ሰዓት ግድም ቢርቅ ነው።

የተጫረ መሬት አይቶ እዚያው መቀመጥ

ወንዱ በሰኮናው ቅጠሉን ጠርጎ ባዶ አፈር ያወጣል፤ ይሸናበታል፤ ከላይ በተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ላይ ግንባሩንና የዓይኑን ጥግ ያሻሻል። እርጥብና ሽታው ገና ያልጠፋ ጭረት ሲያገኝ ልቡ የማይሞቅ አዳኝ የለም። ይሁን እንጂ በእርሻ ዳርና በመንገድ ጠርዝ ያሉት ጭረቶች በአብዛኛው የሚጎበኙት በሌሊት ነው። አንዱን ጭረትም ብዙ ወንዶች ይጋሩታል። የስሪያው ወቅት በኖቬምበር አጋማሽ ሲጋጋል ደግሞ ወንዶቹ ጭረታቸውን ትተው እንስቶቹን ይከተላሉ። ጭረት ዋጋ የሚኖረው በኦክቶበር መጨረሻ፣ ከመተኛው ሳይርቅ፣ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገኝ ነው። ሜዳ ላይ ያለውን አይቶ ማለፍ ይሻላል።

ቀንድ ያሻሸበትን ዛፍ አይቶ አቅጣጫውን አለማንበብ

ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ሲያገኙ የተላጠው በየትኛው ጎን እንደሆነ ይመልከቱ። አጋዘኑ ብዙውን ጊዜ የሚያሻሸው የመጣበትን ጎን ነው። ከአንዱ ዛፍ ቆመው ቀጣዩን ይፈልጉ፤ ሦስት አራት ሆነው ከተሰለፉ መንገዱን አገኙ ማለት ነው። የተላጡት ጎኖች የኦክ ፍሬ ወደሚረግፍበት ስፍራ ከዞሩ፣ በልቶ ሲመለስ የተጓዘበት የማለዳ መንገድ ነው። ወደ ቁጥቋጦው ከዞሩ ግን ከመኝታው ተነስቶ ወደ መኖ የሚወርድበት የማታ መንገድ ነው። ይህን ሳይለዩ ዛፍ ላይ የወጡ ሰዎች የማለዳውን መንገድ ማታ ሲጠብቁ ይውላሉ።

የእንስቶቹን መተኛ የወንዱ አድርጎ መውሰድ

የተለያየ መጠን ያላቸው በርካታ የተደለደሉ ቦታዎች ተቀራርበው ካገኙ እንስቶችና ግልገሎቻቸው የተኙበት ነው። የትልቅ ወንድ መተኛ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው። ቅጠሉ ሞላላ ሆኖ ተጋድሟል፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ነጫጭ የሆድ ጸጉር ተጣብቆበታል፤ አጠገቡም በጠጥና የተላጠ ቀጭን ዛፍ ይኖራል። ከጀርባው የወደቀ ግንድ ወይም የማውንቴን ሎሬል ቁጥቋጦ፣ ከፊቱ ደግሞ ቁልቁለቱን የሚያሳይ ክፍት ቦታ አለው። እዚያ ላይ ቁጭ ብለው በእሱ ዓይን ቁልቁል ይመልከቱ፤ የት ዛፍ ላይ ቢወጡ እንደሚታዩ ወዲያው ይገባዎታል።

ይህ ምርመራ ግን የሚደረገው በፌብሩዋሪና በማርች ነው። ቅጠል የለም፣ ያለፈው የአደን ወቅት ምልክት ገና አልጠፋም፣ አጋዘኑም ቢደነግጥ ለመርሳት ወራት አሉት። በአደን ወቅት መተኛው ድረስ ገብቶ መፈተሽ ግን እንስሳውን ከዚያ ሸንተረር ማባረር ነው።

የነፋሱን ትንበያ ከስልክ አንብቦ ማመን

ብዙ ድካም ገደል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአየር ትንበያው ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው ቢል፣ ተራራ ውስጥ የሚነፍሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ወንዱ ብዙ ጊዜ የሚተኛው ነፋሱ ከማያገኘው የሸንተረሩ ወገን፣ ከቁልቁለቱ በላይኛው ሲሶ ላይ ነው። ከጀርባው በሸንተረሩ አናት ላይ የሚያልፈው ነፋስ ከኋላ የሚመጣውን ጠረን ያደርስለታል። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው ደግሞ አየሩ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ የሸለቆውንም ጠረን ያገኛል። የቀረውን በዓይኑ ይጠብቃል።

እንግዲህ ፍጹም ምቹ ነፋስ ልጠብቅ የሚል አዳኝ ሳያድን ይቀራል፤ እንስሳውም የሚተኛው ነፋሱ ለራሱ ሲመቸው ነውና። የሚፈለገው ለእሱ ደኅና የሚመስለው፣ የእርስዎን ጠረን ግን ከሚሄድበት መንገድ ጥቂት ወደ ጎን የሚያሳልፍ ነፋስ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ማታ ላይ ሁኔታው ይገለበጣል፤ ቁልቁለቱ ጥላ ሲሆን የቀዘቀዘው አየር እንደ ውሃ በየሰርጡ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ እንከን የሌለበት የነበረው ዛፍ፣ አጋዘኑ ሊነሳ ሲል ጠረንዎን ወደ ታች ያፈስሳል። ሚልክዊድ የተባለው ተክል ፍሬው ሲፈነዳ የሚወጣውን ጥጥ መሰል ጸጉር ኪስዎ ይያዙና አንድ አንዱን ይልቀቁ። ከአምሳ ሜትር በኋላ የት እንደሚታጠፍ በዓይንዎ ያዩታል፤ አዳኞች ነፋሱን ለማወቅ የሚነሰንሱት ዱቄት ግን ወዲያው ይበተናል።

መግቢያና መውጫን ሳያቅዱ መሄድ

በእኔ እምነት አብዛኛው አደን የሚበላሸው ዛፍ ላይ ሳይደረስ ነው። ከመተኛው መቶ ሜትር ላይ ደረቅ ቅጠል እየረገጡ መጓዝ አይቻልም። የጅረት ወለል ይከተሉ፤ ከዝናብ በኋላ ወይም ነፋስ ሲያንኮሻኩሽ ይግቡ። ማለዳ በጣም ቀድሞ መግባት የግድ ነው፤ ማታ ደግሞ ሲጨልም የሚወርዱበት መንገድ አጋዘኖቹ በሚበሉበት መሃል እንዳያልፍ አስቀድመው ያስቡበት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15፣ ማለትም በኖቬምበር 24 ገደማ ስለሚገባ፣ ከዚያ በፊት ሥጋው ቤት ይግባ ብለን እንጣደፋለን። ጥድፊያው ይገባኛል፤ ነገር ግን አንዱን ዛፍ በተከታታይ ቀናት መመላለስ መተኛውን ያስለቅቃል። የሚፈልጉት ነፋስ ካልመጣ ሌላ ሸንተረር ይሂዱ።

ማሰሪያ ሳይታጠቁ መውጣት

ይህ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመሬት ከተነሱበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ ሰውነትን የሚይዘው ማሰሪያ ከዛፉ ጋር መያያዝ አለበት። ከዛፍ መውደቅ የአዳኞች ትልቁ አደጋ ነው።

ከመቱ በኋላ ወዲያው መከተል

ፍላጻ የሚለቀቀው አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥ፣ ወይም ፊቱን አዙሮ ጥቂት ወደ ማዶ ሲያጋድል ነው። ሁለቱን ሳንባ ያገኘ ፍላጻ በሰከንዶች ውስጥ ይጥላል፤ እንደዚያም ሆኖ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። ፍላጻውን አንስተው ያሽትቱት። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ደም የሳንባ ነው፤ አረንጓዴ ፈርስ የሚሸት ከሆነ ሆድ ተመቷል፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ስምንት ሰዓት መታገስ ያስፈልጋል። ሆዱ የተመታ እንስሳ ካልተረበሸ በቅርብ ርቀት ሄዶ ይተኛል፤ ከተከተሉት ግን የማይገኝበት ድረስ ይሄዳል። በኦክቶበር ሙቀት ሥጋው ይበላሻል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ቢሆንም የጠፋ እንስሳ ሥጋ ለማንም አይሆንም። የቨርጂኒያ ሕግ የቆሰለ አጋዘንን በገመድ በተያዘ ውሻ መፈለግን ይፈቅዳል። የደሙ ምልክት ከተቋረጠ ቅጠሉን እየረገጡ አካባቢውን ከማበላሸትዎ በፊት፣ እንዲህ ያለ ውሻ ላለው ሰው ይደውሉ።