በሕንድ የአገር ውስጥ ቱሪዝም ዳታ ላይ ድምሩ እጥፍ የሆነበት ምክንያት

ሕንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2014 እስከ ጁን 2015 በ72ኛው ዙር ብሔራዊ የናሙና ጥናቷ የሰበሰበችውን የአገር ውስጥ ቱሪዝም ወጪ ዳታ ፓንዳስ በተባለው የፓይተን የዳታ መተንተኛ ሳሰላ፣ የአገሪቱ ቤተሰቦች ጠቅላላ ብዛት ግምት ከሚጠበቀው እጥፍ ገደማ እየሆነ ሦስት ቀን አስቸገረኝ።

በመጀመሪያ የተደጋገሙ ረድፎች ያሉ መስሎኝ ፈለግሁ፤ አንድም አልተገኘም። ቀጥሎ አነባበቤን ጠረጠርኩ፤ ፋይሎቹ በኮማ ያልተለያዩ፣ እያንዳንዱ ዓምድ በባይት ቦታው ብቻ የሚታወቅ የጽሑፍ ፋይሎች ስለሆኑ፣ የአንድ ቦታ መንሸራተት ሁሉን ያበላሻል። የአቀማመጥ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ባመሳክርም ንባቡ ትክክል ነበር። (በነገራችን ላይ መለያ ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል፤ አለበለዚያ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ።)

መፍትሔውን ያገኘሁት ከዳታው ጋር የሚመጣውን አጭር የማብራሪያ ፋይል ሳነብ ነው። «ኤምኤልቲ» የተባለው ማባዣ (አንድ የተጠና ቤተሰብ ስንት ቤተሰቦችን እንደሚወክል የሚያሳየው ቁጥር) የአስርዮሽ ነጥቡ ሳይጻፍ ስለተቀመጠ ለ100 መካፈል እንዳለበት አውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት ግን ይህ የሚሠራው «ኤንኤስኤስ» (በአንዱ ንዑስ ናሙና የተጠኑት ብዛት) እና «ኤንኤስሲ» (በሁለቱም ንዑስ ናሙናዎች አንድ ላይ የተጠኑት ብዛት) የተባሉት ዓምዶች እኩል ሲሆኑ ብቻ መሆኑን ነው። ሲለያዩ ማባዣው ለ200 ይካፈላል። ናሙናው በሁለት ንዑስ ናሙናዎች የተከፈለና እያንዳንዱም ለብቻው መላውን ሕዝብ የሚወክል በመሆኑ፣ ሁለቱ እንዲሁ ሲደመሩ አገሪቱ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። ለምሳሌ ማባዣው 245600፣ ዓምዶቹ ደግሞ 4 እና 8 የሆኑበት ቤተሰብ የሚወክለው 2456 ሳይሆን 1228 ቤተሰቦችን ነው። ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ ናምፓይ በተባለው የፓይተን የስሌት መሣሪያ «ዌር» ትእዛዝ በአንድ መስመር ስጽፈው እጥፉ ጠፋ።