ጥፋቱን ሁሉ በውሃው ላይ አታላክኩ፦ በአሳ ብክለትን ስንመረምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ዓይኑ ቦርከና ወንዝ ላይ ማረፉ አይቀርም። ጨርቃጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው ሁሉም እዚያው ነው። ከአንዳንድ የጨርቅ ማጠቢያ ኬሚካሎች የሚገኘው ኖኒልፌኖል ደግሞ በአሳ ሰውነት ውስጥ እንደ ሴቴ ሆርሞን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ነገር የሚበላሸው አሳው ከተያዘ በኋላ ነው።

ሆዱን በቅጡ ሳያዩ መፍረድ። ባርበስ የተባለው የአሳ ዓይነት እንቁላል ማቀፊያ ኮስሶ ሲገኝ ወዲያው «ሆርሞን አዋኪ ኬሚካል» ብሎ መጻፍ ይቀናል። ሊጉላ የሚባለው የኮሶ ትል ዘመድም ያንኑ ያደርጋል። ሆዱ የተነፋ ትንሽ አሳ ስትሰነጥቁ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የረዘመ ነገር ተጠቅልሎ፣ አንጀቱን ወደ ጎን ገፍቶ ታገኙታላችሁ። ትሉ አሳውን የሚያመክነው ቦታ በማጣበብና ምግብ በመሻማት ብቻ አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ወደ ዘር ፍሬ (ወደ ሴቷ እንቁላል ማቀፊያ ወይም ወደ ወንዱ ቆለጥ) የምትልከው የሆርሞን ትእዛዝ ይዳከማል። ኬሚካሉም የሚያውከው ይህንኑ መስመር ስለሆነ ሚዛን ላይ ሁለቱ አይለዩም። በጣና ባርበሶች ላይ ሊጉላ ተመዝግቧል፤ «ወሎን ምን አገባው?» የሚል ካለ፣ ትሉን ከውሃ ወደ ውሃ የሚያዳርሱት አሳ በል ወፎች ናቸው።

ትሉን ከአሳው ጋር መመዘን። የዘር ፍሬው ክብደት ለሰውነት ክብደት ሲካፈል ትሉም «ሰውነት» ሆኖ ይቆጠራል፤ ውጤቱ ከእውነቱ በታች ይወርዳል። ለየብቻ መዝኑ። ትል የተገኘበትን አሳ ግን በዝምታ አትጣሉት። ብክለት የአሳን በሽታ የመከላከል አቅም ሊያዳክም ስለሚችል የተጠቁት ብዛት ራሱ መረጃ ነው።

እዚያው ወሎ ያለውን ሎጎ ሐይቅ «ንጹሕ» ብሎ ማነጻጸሪያ ማድረግ። የሐይቁ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባ ነው። ሊጉላ ደግሞ በይበልጥ የሚያጠቃው የባርበስንና የካርፕን ወገን ነው። ስለዚህ ቆሮሶው ከትሉ ነጻ መሆኑ ስለ ቦርከና ባርበስ ምንም አይነግራችሁም። በሁለቱም ውሃ አንድ ዓይነት አሳ ብታገኙም ወጥመድ አለ። ትሉ አሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኮፔፖድ በሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ውስጥ ያድጋል። ውሃው ክፉኛ ሲበከል እነሱ ሊያልቁ፣ የትሉም ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። ያኔ የንጹሑ ውሃ አሳ መካን፣ የቆሻሻው ጤነኛ መስሎ ቁጭ ይላል!

በአንድ ምልክት ብቻ መደምደም። ቪቴሎጀኒን ሴቷ አሳ ለእንቁላል አስኳል በጉበቷ የምታመርተው ፕሮቲን ነው። ወንድ ላይ በብዛት ከተገኘ ሴቴ ሆርሞን መሰል ነገር ውሃው ውስጥ መኖሩን ያመለክታል፤ ሴቷ ላይ ማነሱ ግን የትሉም ሥራ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ ወንዞች ሮች የተባለው አሳ ወንዱ በቆለጡ ውስጥ እንቁላል ይዞ በብዛት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። ሮችም የሊጉላ ማደሪያ ነው፤ ነገር ግን ትሉ የዘር ፍሬውን ሳይበስል ያስቀረዋል እንጂ ቆለጥ ውስጥ እንቁላል በማብቀል አይታወቅም። ይህን የሚለየው ሚዛን ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ነውና ወደ ወንዙ ስትወርዱ ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚያደርገውን ፎርማሊን ያዙ። ከእያንዳንዱ አሳ የዘር ፍሬውን ቁራጭ አስቀምጡ፤ ትል ካለውም በዚያው ቁጥር መዝግቡ።