ወለል ለሌለው ባለ አንድ ምሰሶ ድንኳን የውስጥ አጎበር እንዴት ይመረጣል?

ከኮምቦልቻ በላይ፣ በየጎፍ ደን ጠርዝ ያደርኩበት አንድ ሌሊት የአጎበር አመራረጤን ቀይሮታል። ወለል የሌለውን ሾጣጣ ድንኳኔን ተከልኩ፤ ከቤት ያመጣሁትን ክብ አጎበር ከምሰሶው ጫፍ አንጠልጥዬ ጠርዙን በሣሩ ላይ ዘረጋሁት። ትንኝ አንዲት እንኳን አልገባችም። ጠዋት ሱሪዬን ሰብስቤ ሳይ ግን ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ ቀያይ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ለካስ ድንኳኑን የተከልኩት የመንደሩ በጎች በቀትር የሚያርፉበት ቦታ ላይ ኖሯል። ቁንጫው በአጎበሩ ጣሪያ በኩል ምን አስመጣው? ከታች ነበር የሚጠብቀኝ።

አጎበር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ወደ ላይ ነው፤ የት እንደሚንጠለጠል፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ። ወለል በሌለው ድንኳን ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። ሾጣጣ ድንኳን ቀላል ነው፣ ነፋስ ይችላል፣ በጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ሸራው ከመሬቱ ጋር ስለማይገናኝ ግን በጠርዙ በኩል ጉንዳኑም መዥገሩም እንደ ልቡ ይገባል። የውስጥ አጎበር ይህን ክፍተት የሚዘጋ፣ በሸራው ውስጥ የሚሰቀል ሌላ ክፍል ነው። ከወለሉ ጋር የተሰፋ አለ፣ ወለል የሌለውም አለ፤ ልዩነቱን እኔ በቁርጭምጭሚቴ ከፍዬ ተምሬዋለሁ።

መጀመሪያ የት እንደምታድሩ ወስኑ

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚደርሱባት ኮምቦልቻ በመንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ይላል። በአገራችን ወባ የሚያሰጋው በጥቅሉ ከ2000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው። ቁርሱን ደሴ በልቶ ማታ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው እንግዲህ፣ ለአጎበሩ ሲባል፣ ሌላ አገር ገብቷል ማለት ነው።

በጦሳ በኩል ወይም በሌላ ደጋ ለሚያድር ሰው ጠላቱ ቁንጫ፣ መዥገርና ብርድ ነው። ለእርሱ ጥሩ ወለል ያለው፣ ጎኖቹ እስከ ወገብ ድረስ ነፋስ በማያሳልፍ ስስ ጨርቅ የተሠሩ አጎበር ይሻለዋል፤ መረቡ ከላይ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ ለሚወርድ ግን ሙሉ በሙሉ መረብ የሆነ፣ አየር የሚያንሸራሽር ያስፈልጋል፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዋናው የወባ ወቅት ነውና። ሐይቅ ዳር ለማደር ያሰበ ደግሞ የመረቡን ቀዳዳ በጥንቃቄ ይመልከት። መብራት ስታበሩ ከውኃው ላይ የሚተሙት ጥቃቅን ነፍሳት በተለመደው የአልጋ አጎበር ቀዳዳ ሰተት ብለው ያልፋሉ።

ሙሉ፣ ግማሽ ወይስ ቀሚስ?

ቀሚስ የምለው በድንኳኑ የታች ጠርዝ ዙሪያ የሚሰፋውን መረብ ነው። በጣም ቀላል ነው፤ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ትንኝ ይከለክላል። በበጎች ማረፊያ ላይ ግን እንደኔ መሆን ነው። ለብቻው አልመክረውም።

ሙሉው አጎበር የድንኳኑን ውስጥ እንዳለ ይሞላል። ለሦስትና ለአራት ሰው፣ በተለይ ልጆች ላሉት ቤተሰብ፣ ከእርሱ የተሻለ የለም። ሁለት ችግር አለበት፤ አንደኛው እንደ ወለሉ ውፍረት ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ምሰሶው ነው። ምሰሶው በአጎበሩ መሃል ስለሚቆም ወለሉን ይወጋል። የቆመበት ቦታ ላይ ድርብ ጨርቅ መሰፋቱን እዩ፤ ከሥሩም ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክዳን አድርጉለት።

ግማሹ ከምሰሶው በአንድ ወገን ያለውን ቦታ ብቻ ይይዛል። ምሰሶው ከአጎበሩ ውጭ ይቀራል። የቀረው ግማሽ ባዶ መሬት ስለሆነ የጭቃ ጫማ፣ እርጥብ ካፖርትና ሻንጣ እዚያ ያድራል። በዝናብ ስትገቡ ልብሳችሁን ባዶው መሬት ላይ ቆማችሁ ታወልቁና ደርቃችሁ ወደ መኝታው ትሻገራላችሁ። ወለል የሌለው ድንኳን ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሙሉ አጎበር ያስገባ ሰው ይህን ጥቅም በገዛ ገንዘቡ ይሰርዘዋል። ለአንድ ሰው ወይም ለሚቀራረቡ ሁለት ሰዎች ምርጫዬ ግማሹ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ባዶውን ግማሽ አይተው ለቡና ማፍያ ተመቸ የሚሉ አሉ። የደሴ ብርድ ያባብላል፣ አውቃለሁ። የከሰል ምድጃ ግን ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ተኝተው ሳይነቁ ለቀሩ ሰዎች ምክንያት ነው። መረቡም ቢሆን ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ይበሳል። ቡናው ውጭ ይፈላ።

ሜትር ይዛችሁ ግቡ

በጎጆ ቤት ያደገ ሰው ይህን ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል። ሰው የሚቆመው ምሰሶው አጠገብ ነው፤ ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ሾጣጣ ድንኳን ደግሞ ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው መሬት ድረስ የወረደ ጎጆ ነው። የአጎበሩ ሻጭ የሚነግራችሁ የወለሉን ስፋት ይሆናል፤ እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ግን ጭንቅላታችሁና እግራችሁ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ነው።

የኔን ድንኳን ልንገራችሁ። ከታች አራት ማዕዘን ነው፤ እያንዳንዱ ጎኑ 2.7 ሜትር፣ ምሰሶው 1.6 ሜትር ነው። ከምሰሶው እስከ ጠርዝ መሃል 1.35 ሜትር ይሆናል። በዚህ ተዳፋት ከምሰሶው በራቃችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጣሪያው 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ቁመቱ 1.80 ሜትር የሆነ ሰው ምሰሶውን ወገቡ ጎን አድርጎ ሲተኛ ራሱና እግሩ ከመሃል መስመር 90 ሳንቲ ሜትር ይርቃሉ፤ እዚያ ሸራው ያለው 53 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። አጎበሩ ከሸራው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ ስላለበት 43 ይቀራል። ፍራሹና ትራሱ ሲቀነሱለት ፊቱ ከመረቡ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል። ጥሩ ነው። ተንሸራቶ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ቢወርድ ግን መረቡ 31 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆንና የእግሩ ጣቶች ይነኩታል።

መንካቱ ለምን ያስጨንቃል? መረብ ከቆዳ ጋር ሲጣበቅ ትንኝ በላዩ ቆማ በቀዳዳው ትነክሳለች። ከዚያም ሌላ አለ። በደጋ፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት፣ ትንፋሻችንና የመሬቱ እርጥበት ከቀዝቃዛው ሸራ ውስጠኛ ፊት ላይ ጤዛ ይሆናል። ወለል የሌለው ድንኳን ደግሞ የመሬቱን እርጥበት የሚያግድለት የለም። አጎበሩ ሸራውን ከነካ ያ ሁሉ ውኃ በመረቡ አልፎ የመኝታ ከረጢታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ግን ጤዛው ሸራውን ተከትሎ ከወለሉ ውጭ ይፈስሳል። 10 ሳንቲ ሜትሯን ለማንም አትልቀቁ።

በዚህ ስሌት ለእኔ ድንኳን የሚሆነው የግማሽ አጎበር ወለል ርዝመቱ 2.3 ሜትር፣ ወርዱ 1.1 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የሰፋ ብገዛ ጠርዙ ሸራውን ይገፋል። የእናንተን በዚሁ መንገድ ለኩት፤ ድንኳኑን ተክላችሁ፣ ፍራሹን አንጥፋችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ሌላ ሰው ሜትር ይዞ ከአፍንጫችሁ እስከ ሸራው ይለካ።

ወለሉና ጨርቁ

ወለሉ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ መታጠቢያ ሳህን ጠርዙ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ የታጠፈ ይሁን። የክረምት ጎርፍ በድንኳኑ ሥር ሲያልፍ የሚያድነው ይህ እጥፋት ነው። ማዕዘኖቹን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ወለል ብዙውን ጊዜ የሚያፈስሰው በማዕዘን ስፌት ነው። ሲሊኮን የተቀባ ስስ ናይለን ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ግን ያንሸራትታል፤ ተዳፋት ላይ ከተኛችሁ ንጋት ላይ ራሳችሁን እግርጌ ታገኙታላችሁ።

የመረቡን ቀዳዳ ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል። በመደበኛው የአልጋ አጎበር በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አምስት ያህል ቀዳዳ ትቆጥራላችሁ፤ ለወባ ትንኝ ይህ በቂ ነው። ለጥቃቅኖቹ ነፍሳት ከስምንት በላይ የሚቆጠርበትን ፈልጉ። የደቀቀው መረብ አየር ይቀንሳል፤ ለደጋ ሰው ሙቀት ነው፣ ለከሚሴ ሌሊት ግን ቅጣት። ጥቁር መረብ ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ለማየት ይመቻል። በነጩ ላይ ደግሞ የቆመችው ነፍሳት ወዲያው ትታያለች፤ እኔ ነጩን እመርጣለሁ።

ከ2000 ሜትር በታች የምታድሩ ከሆነ በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ብልጫ አለው፤ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳን መድኃኒቱ ያግዛል። ግን ለቤተሰብ ወባ መከላከያ በነጻ የተሰጠውን አጎበር ለድንኳን ብላችሁ መቀስ አታስገቡበት። እርሱ ያለ ቦታው ሲገባ ቤት የቀረው ሕፃን ይነከሳል። ወርዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ ምንም ዓይነት አጎበር ብትጠቀሙም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ።

ዚፑ ረጅም፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚጀምር፣ በሁለቱም ወገን መሳቢያ ያለው ይሁን።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ከሄዳችሁ

ልክክ የሚል አጎበር ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ከሌለ ልብስ ሰፊ አለ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላሉ አንድ አዛውንት ሰፊ ሥዕሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «አንተ ልጅ፣ ይህ የጅብ ቆብ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሠሩት ግን። ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው የተበላሸው በእኔ ስህተት ነው። መረብ በሰያፍ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ሾጣጣው ደግሞ ከሦስት ማዕዘን ቁራጮች የሚገጠም ስለሆነ ስፌቱ ሁሉ ሰያፍ ነው። ብቻውን ሰፍተን ስንሰቅለው እንደ ረጠበ ነጠላ ተንጠለጠለ። በሁለተኛው በየስፌቱ ላይ ከጫፍ እስከ ወለል የማይለጠጥ ጥብቅ ሪባን አብረው ሰፉበት፤ ውጥረቱን የሚሸከመው ሪባኑ ሆነና መረቡ ቀጥ አለ። እናንተም ከመጀመሪያው ሪባን ይዛችሁ ሂዱ። ክሩ የፖሊስተር ይሁን፣ መርፌው ቀጭን። ጫፉ ላይ ከምሰሶው አናት የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ፣ በአራቱ የወለል ማዕዘኖች ላይ ደግሞ አንድ አንድ ስንዝር ላስቲክ ይሰፋ። ላስቲኩ የድንኳኑን ካስማዎች ይይዛል፤ ሸራው በነፋስ ሲወዛወዝ እርሱ ይለጠጣል እንጂ ስፌቱ አይቀደድም።

ሲሰቀል ጫፉ የሸራውን ጫፍ እንዳይነካ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉት።

ግቢ ውስጥ ሞክሩት

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉት። ሲጨልም ባትሪ አብርታችሁ ውስጡ ተዉና ሸራውን ገልጣችሁ ከውጭ ዙሩት፤ መረቡ ከወለሉ ጋር የተሰፋበት መስመር ላይ ብርሃን ፈንጥቆ ከታየ እዚያ ስፌቱ ዘልሏል። ከዚያ ወለሉ ውስጥ ግማሽ ባልዲ ውኃ አፍስሱና ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አድርጉ። ካርቶኑ የረጠበበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ሰፊው ተመለሱ።

በጉዞ ላይ ሸራውና አጎበሩ በየከረጢታቸው ይሁኑ፤ ጠዋት ሸራው በጤዛ ርሶ ስለሚታጠፍ አብሮት ያለውን ሁሉ ያበሰብሳል። ቤት ስትገቡ አጎበሩን ጥላ ሥር አስጡት፤ የተነከረ ከሆነ ፀሐይ መድኃኒቱን ይቀንስበታል። እርሱን በሐይቁም ሆነ በወንዝ አትጠቡት፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። በሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ እጣቢውንም ከውኃ ርቆ ባለ ባዶ መሬት ላይ ድፉት።