ብሎው ኦፍ ቫልቭ የት ጋ ይገጠማል?

ሶማሌ ተራ ወርደህ ቫልቭ ከመግዛትህ በፊት፣ መኪናህ ቤንዚን ነው ናፍጣ? ናፍጣ ከሆነ ባብዛኛው ገንዘብህን ያዝ። የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያ በር አለው፣ ትሮትል የሚባለው። ቸርችልን ወደ ፒያሳ ሽቅብ እየወጣህ ማርሽ ለመቀየር ነዳጅ ስትለቅ በሩ ጥርቅም ይላል፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከው ቱርቦ ግን ገና እየዞረ ነው፣ የጨመቀው አየር መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ቱርቦውን ይመታዋል። ቫልቩ ያንን አየር ያስተነፍሳል።

አሁን ኮፈኑን ክፈትና ከቱርቦው የሚወጣውን ቱቦ ተከተል። ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ከዚያ ትሮትል ጋ ይደርሳል። የኔ ምርጫ ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ለትሮትሉ በጣም ቀረብ ብሎ ነው። አየሩ የሚታፈነው እዚያ ነው፣ ሙቀቱም ቀንሷል። ቱርቦው አጠገብም ይሰራል፤ ከጭስ ማውጫው ግን አርቀው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሴንሰሩ ላይ ነው። የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር (ማፍ) ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ካለ፣ አየሩን ውጭ አትልቀቀው። ኮምፒውተሩ ቆጥሮታል፣ ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሜክሲኮ መብራት ላይ ስትቆም ደግሞ ይጠፋብሃል። ስለዚህ ከቫልቩ መውጫ ቱቦ ስበህ በማፉና በቱርቦው መካከል መልሰው። ማፉ ትሮትሉ አጠገብ ከሆነ ቫልቩን ከማፉ በፊት አድርገው። ግፊት ብቻ በሚለካ ሴንሰር (ማፕ) የሚሰራ መኪና ከሆነ ውጭ ብትለቀውም ችግር የለም።

ቱቦውን ከመኪናው ሳታወርድ እንዳትበሳ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሰንፌ እዚያው በስቼ፣ ብናኙን ለመልቀም ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ቱቦው አሉሚኒየም ከሆነ የቫልቩን መቀመጫ በአርጎን አስበይደው፣ ቱቦውን ስትመልስ በፋሸታ አጥብቀህ እሰር።

ቫልቩን ስባ የምትከፍተውን ቀጭን የቫኪዩም ጎማ ከትሮትሉ በኋላ ካለው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ውሰድ። አጭር ትሁን፣ ከሌላ ነገር ጋር አትጋራ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ጎማዋን ንቀልና ጫፏን በጣትህ ዝጋ፤ ካልሳበችህ ቦታው ተሳስቷል።

የቫልቩን ስፕሪንግ (ሞላ) ጥብቀት ደግሞ በባሕር ወለል ከፍታ ከሚነዳ መኪና ጋር አታወዳድር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማኒፎልዱ የሚስበው ኃይል ያንሳል። ማስተካከያ ብሎን ካለው ትንሽ በትንሽ እያላላህ፣ ነዳጅ ስትለቅ "ጵስስ" እስኪል ሞክረው። በሚኒሞም ክፍት ሆኖ ከቀረ አብዝተሃል፣ መልሰህ አጥብቅ።