ኢንላይን ፕሪአምፕ አልሠራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ድምፁ ደካማ የሆነ ማይክ ላይ ኢንላይን ፕሪአምፕ (በማይኩና በኢንተርፌሱ መሃል የሚገባ ትንሽ ማጉያ) የሚጨምር ሰው የሚፈልገው የኢንተርፌሱን፣ ማለትም ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ጌይን (የማጉያ መጠን) እስከ ጥግ ሳያዞር የጠራ ድምፅ ማግኘት ነው። ፍላጎቱ ትክክል ነው። ሹር ኤስኤም7ቢ የሚባለው ዳይናሚክ (ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ) ማይክ በአንድ ፓስካል የድምፅ ግፊት የሚያወጣው 1.12 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ለንግግር ወደ 60 ዴሲቤል ጌይን ይጠይቃል። ብዙ ርካሽ ኢንተርፌሶች እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ጌይናቸው ያልቃል፤ የሚደርሱትም ሽሽ ማለት ይጀምራሉ። ክላውድሊፍተር፣ ፌትሄድ፣ ዳይናማይት የሚባሉት ትንንሽ ማጉያዎች ከ25 እስከ 28 ዴሲቤል ድረስ ጨምረው ይህን ክፍተት ይሞላሉ። ገመዱ መሰካቱን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠው ቻናል ትክክል መሆኑን፣ ማይኩ ማጥፊያ ካለው አለመጥፋቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ማጉያው ተሰክቷል፣ ድምፅ ግን የለም፤ ወይም እንዲያውም አንሷል

እኔ ጋ የሚመጣው ከሌላው ሁሉ በላይ ይኼ ነው። ሁልጊዜም "ማጉያው ተቃጥሏል" ተብሎ ይመጣል፣ ማጉያው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ደህና ነው። መንስኤው ፋንተም ፓወር የሚባለው፣ በማይክ ገመዱ የሚላከው 48 ቮልት ማጉያው ጋ አለመድረሱ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ባትሪ የላቸውም፣ የሚሠሩት ከኢንተርፌሱ ወይም ከሚክሰሩ በሚመጣ ፋንተም ፓወር ብቻ ነው። "ዳይናሚክ ማይክ ፋንተም አይፈልግም፣ እንዳትነካው" የሚለው ምክር ብዙ ሰው ውስጥ ሥር ስለሰደደ ቁልፉን ለመጫን ይፈራሉ። ማይኩ አይፈልግም፣ ማጉያው ግን ይፈልጋል። የተለመደው ዓይነት ማጉያ ቮልቱን ለራሱ ተጠቅሞበት ወደ ማይኩ ስለማያሳልፈው ማይኩ አይነካም፤ አብሩት። አንዳንድ ኢንተርፌሶች ላይ ደግሞ ቁልፉ የሚገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ትናንት አብርታችሁት ከነበረ ዛሬም እንደበራ አረጋግጡ።

ቁልፉ በርቶም ካልሠራ ተጠርጣሪው ገመዱ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

አንድ ፖድካስት የሚያዘጋጅ ሰው ማጉያውን ለሻጩ መልሶ ሌላ ተሰጠው፤ ሁለተኛውም "ሞተ"። በመጨረሻ ዕቃውን ሁሉ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ማጉያውን ገና ሳልነካ ገመዱን አየሁት፦ በአንድ ጫፉ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን ክብ የማይክ መሰኪያ)፣ በሌላው ጫፉ ትልቁ፣ የጊታር ዓይነት ጃክ። ከሌላ ማይክ ጋር ካርቶን ውስጥ በነፃ የመጣ ገመድ ነው። የኢንተርፌሱ ሶኬት ሁለቱንም ስለሚቀበል ግጥም ብሎ ይገባል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ፋንተም የሚወጣው ግን በዙሪያው ባሉት የኤክስኤልአር ቀዳዳዎች እንጂ መሃል ላይ ባለው የጃክ ቀዳዳ አይደለም። ሁለቱም ጫፍ ኤክስኤልአር የሆነ ገመድ ስንቀይር ወዲያው ሠራ። ጃክ ያለውን ገመድ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። አስማሚ ጨምራችሁም አትሞክሩ።

ከዚህ የሚከፋው በሁለቱም ጫፍ ትክክል ሆኖ ውስጡ የተበጠሰ ገመድ ነው። ፋንተም የሚሄደው እንዲህ ነው፦ ኢንተርፌሱ ውስጥ 48 ቮልቱ እያንዳንዳቸው 6.81 ኪሎኦም በሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች በኩል ወደ ፒን 2 እና ፒን 3 ይገባል፣ መመለሻው ደግሞ ፒን 1፣ ማለትም ሁለቱን ሽቦዎች የሚጠቀልለው መረብ ነው። መረቡ ተበጥሶ ሁለቱ ሽቦዎች ደህና ቢሆኑ ዳይናሚክ ማይክ ብቻውን ድምፅ ይሰጣል፣ ድምፁ የሚሄደው በ2 እና በ3 መሃል ነውና። ፋንተሙ ግን መመለሻ ስለሌለው ማጉያው አይነሳም። "ገመዱ ደህና ነው፣ ያለ ማጉያው አይቼዋለሁ" የሚሉኝ ሰዎች የማያውቁት ይህን ነው። ያለ ማጉያው መሥራቱ ስለ ገመዱ ጤና ምንም አያረጋግጥም። ከ2 ወይም ከ3 አንዱ ከተበጠሰ ደግሞ ማጉያው ግማሽ ጎኑ ብቻ ስለሚነሳ ድምፁ ቀጭን፣ ሻካራና ደካማ ይሆናል።

ግምቱን ትታችሁ ለኩ። ማይኩንና ማጉያውን ንቀሉ፣ ስፒከሩንና ሄድፎኑን ዝቅ አድርጉ፣ ፋንተሙን አብሩ፣ መልቲሜትሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙሩ። የምትለኩት ከኢንተርፌሱ በመጣው ገመድ መጨረሻ፣ ማጉያው ይሰካበት በነበረው ሴቴ ጫፍ ላይ ነው። የፒኖቹ ቁጥር ከቀዳዳዎቹ አጠገብ በትንሹ ተጽፏል። ከ1 ወደ 2፣ ከዚያም ከ1 ወደ 3 ስትለኩ ሁለቱም ላይ ወደ 48 ቮልት ማየት አለባችሁ፣ ከ44 እስከ 52 ደህና ነው። በ2 እና በ3 መሃል ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። አንደኛው ላይ 48፣ ሌላው ላይ ዜሮ ካነበባችሁ ያኛው ሽቦ ተበጥሷል። ሁለቱም ላይ ምንም ከሌለ ፋንተሙን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ አብሩትና ኢንተርፌሱ ሶኬት ላይ ለኩ። እዚያ ካለና እዚህ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰው መረቡ ነው። እየለካችሁ ገመዱን አንገቱ አካባቢ ጎንበስ ቀና አድርጉት፣ ቁጥሩ ከዘለለ ቦታውን አገኛችሁት ማለት ነው።

ጥገናው ቀላል ነው። ገመዱን ከአንገቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ እንደገና በየዱት። መረቡ ፒን 1 ላይ ይበየድ፤ የጫፉ ብረት ላይ ብቻ ጠምጥመው የሚተዉት ሰዎች አሉ፣ እነሱን ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጫፉ በፕላስቲክ የታሸገና የማይከፈት ከሆነ አትታገሉት፣ ቆርጣችሁ ጥላችሁ የሚፈታ ጫፍ ግጠሙ። ቀጭን፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ገመድ ግን ለጥገናም አይሆንም።

ቮልቱ ደህና ሆኖም ማጉያው ካልተነሳ ምንጩ አቅም ላይኖረው ይችላል። መልቲሜትሩን ወደ ሚሊአምፔር አዙራችሁ ለአፍታ ከ1 ወደ 2፣ ቀጥሎ ከ1 ወደ 3 ንኩ። ሬዚስተሩ ስለሚገድበው ጤነኛ ምንጭ ወደ 7 ሚሊአምፔር ያሳያል። ግንባሩ ላይ "48 ቮልት" ተጽፎበት ገና ሳይጫን 20 ቮልት የማይሞላ ርካሽ ሚክሰር ለክቼ አውቃለሁ። ጽሑፍ ቮልት አይሆንም። ኢንተርፌሱ ኃይሉን የሚያገኘው በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ከሆነ መጀመሪያ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ እዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፋንተም በርቶ ምንም ነገር አትሰኩ፣ አትንቀሉ። አጥፉት፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉ። ሲበራና ሲጠፋ የሚሰማው "ጧ" ስፒከርንም ጆሮንም ይጎዳል። አንድ ቁልፍ ሁለት ቻናል የሚያበራበት ኢንተርፌስ ላይ ደግሞ ጎረቤት ቻናሉ ላይ ምን እንደተሰካ እዩ። ሁለቱም ሽቦው ደህና በሆነ ገመድ የተሰካ ጤነኛ ሪበን ማይክ (ድምፅን በቀጭን የብረት ጥብጣብ የሚቀበል ዓይነት) ምንም ላይሆን ይችላል፤ ገመዱ ጉድለት ካለበት ግን ቮልቱ በአንድ ወገን ብቻ ይገባና ሪበኑን ይለጥጠዋል፤ ከተለጠጠ በኋላ መፍትሄው አዲስ ሪበን ማስቀየር ነው።

ምልክት፦ ድምፁ ጎላ፣ ሽሽታውም አብሮ ጎላ

መጀመሪያ የኢንተርፌሱን ጌይን ማጉያው በጨመረው ልክ ቀንሱ። ሳይቀንሱ የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። ከዚያ በተመሳሳይ የድምፅ መጠን አንዴ በማጉያው፣ አንዴ ያለ ማጉያው ቅዱና አወዳድሩ። ልዩነት ከሌለ ኢንተርፌሳችሁ ቀድሞውኑ ጸጥተኛ ነበር ማለት ነው። የ150 ኦም ማይክ የራሱ የሙቀት ጫጫታ በ20 ኪሎኸርዝ ስፋት ወደ ‎-131 ዲቢዩ (የሲግናል መጠን መለኪያ) ነው፣ ከዚያ በታች ማንም ማጉያ አያወርደውም። ኢንተርፌሳችሁ ‎-128 ላይ ያለ የራሱ ጫጫታ ካለው ኢንላይን ፕሪአምፕ የሚጨምርላችሁ ጥራት ከቁጥር አይገባም። የሚሰማችሁ የክፍሉ ድምፅ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ከሆነም ማጉያው እሱንም እኩል ያጎላዋል። ወደ ማይኩ ጠጋ በሉ፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ 6 ዴሲቤል በነፃ ይገኛል።

ምልክት፦ ድምፁ ይሰነጠቃል

ጌይኑ ዜሮ ላይ ሆኖም ቀይ መብራቱ ከበራ ማጉያው እዚያ ቦታ አያስፈልግም። ከበሮ ፊት፣ የጊታር አምፕ ፊት፣ የሚጮህ ዘፋኝ ፊት ንቀሉት። ለስለስ ላለ ድምፅ የተሠራ ዕቃ ነው።

ምልክት፦ እምምም የሚል ድምፅ

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው እንጂ ማጉያው አይደለም። ካልጠፋ ማይኩን ባለበት ቦታ አዙሩት። ሲዞር ከጨመረና ከቀነሰ የማይኩ ጥቅል ከአጠገቡ ካለ ትራንስፎርመር መግነጢስ እየለቀመ ነውና አራርቋቸው። ገመዱ ረጅም ከሆነ ማጉያውን ኢንተርፌሱ ጋ ሳይሆን ማይኩ ጋ አድርጉት፣ ድምፁ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው ከጎላ በኋላ ይሁን።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ማጉያው ኮንደንሰር ማይክ (ራሱ ፋንተም የሚፈልግ ዓይነት) ላይ ከተሰካ ማይኩ ፋንተም ስለማያገኝ ዝም ይላል፤ ፋንተም የሚያሳልፍ የተለየ ሞዴል ያስፈልጋል። ሁለት ማጉያ በተከታታይ አይሠራም፣ የመጀመሪያው ቮልቱን ለሁለተኛው አያሳልፍምና። የካሜራ ትንሿ የማይክ ቀዳዳ የምትሰጠው ጥቂት ቮልት ስለሆነ ማጉያውን አታስነሳም። ከማይኩ ጋር አብሮ የመጣ ባለ ሞኖ ጃክ ገመድ ፒን 3ን ከመሬት ጋር ያገናኛል፣ እሱንም ተዉት።

ምልክት፦ ማይኩ ሲነካ ድምፁ ይቆራረጣል

ማይኩ አንገት ላይ በቀጥታ የሚሰካው ዱላ መሳይ የማጉያ ዓይነት ላይ የሚታይ ነው። ከማጉያው የተንጠለጠለው የገመድ ክብደት ሶኬቱን ቀን ከሌሊት ይጎትተዋል፣ ፒኖቹም ይላላሉ። ማይኩንና ማጉያውን በ30 ሴንቲሜትር ኤክስኤልአር ገመድ አገናኙና ማጉያውን ስታንዱ ላይ እሰሩት። የላላው የማይኩ ፒን ከሆነ ሶኬቱ ይቀየራል፤ በፒንሳ ለማጥበብ አትሞክሩ፣ ይሰበራል።